ኤሌክትሪክ መኪና እና እሽቅድምድም፦ ዋንጫው ከሚሸጠው መኪና ጋር ምን ያገናኘዋል? ትራክ ላይስ ኃይሉ ለምን ቶሎ ይወርዳል?

አዲስ ዙር

ሰላም ለሁላችሁም። ሁለት ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ።

አንደኛ፦ ፖርሽ፣ ጃጓርና ኒሳን በኤሌክትሪክ መኪኖች የዓለም ሻምፒዮና፣ በፎርሙላ ኢ ይወዳደራሉ። ቴስላ በፋብሪካ ደረጃ አይወዳደርም፣ ግን መኪናው በፍጥነት ከማንም አያንስም። ሻዎሚና ቢዋይዲ ደግሞ ጀርመን ያለው ረጅሙ የኑርበርግሪንግ ትራክ ሄደው ሰዓት ያስመዘግባሉ። ታዲያ ድሉ ሽያጭ ላይ ካለው መኪና ጋር የእውነት ግንኙነት አለው ወይስ ማስታወቂያ ብቻ ነው?

ሁለተኛ፦ ለመንገድ የተሠራ ኤሌክትሪክ መኪና ትራክ ላይ ሲነዳ ሁለት ሦስት ዙር እንደ ጥይት ይሄድና ባትሪው ገና 60 በመቶ ላይ እያለ ኃይሉ ይወርዳል። ለምን? ከመግባት በፊትስ ምን ይዘጋጃል? እባካችሁ «ስለሚሞቅ ነው» ብላችሁ ብቻ አትለፉኝ። የቱ ክፍል፣ ምን ያህል፣ ምን ቢደረግ ይሻላል የሚለውን ነው የፈለግኩት።

---

ኢንቨርተር

የመጀመሪያውን እኔ ልሞክር፤ የሁለተኛው ባለቤቶች አሉ፣ ይመጣሉ።

አንድ ብራንድ ከውድድር ምን እንዳተረፈ ማወቅ ከፈለግክ ዋንጫውን ተወውና ደንቡን አንብብ። የትኛውን ክፍል ራሱ እንዲሠራ ተፈቅዶለታል? በፎርሙላ ኢ ሻንሲው የሁሉም አንድ ነው፣ ስፓርክ የሚባለው የፈረንሳይ ድርጅት ይሠራዋል። ባትሪውም አንድ ነው፦ በመጀመሪያው ትውልድ ከዊሊያምስ የምሕንድስና ክፍል፣ በሁለተኛው ከማክላረን አፕላይድ፣ በሦስተኛው እንደገና ከዚያው ከቀድሞው የዊሊያምስ ክፍል። ጎማውም ሆነ የፊቱ ሞተር ለሁሉም ከአንድ አቅራቢ ይመጣል። ለፋብሪካው የሚቀርለት በዋናነት የኋላው ሞተር፣ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ከረንት ለሞተሩ ወደሚሆን የሚቀይረው)፣ ካምቢዮውና ሶፍትዌሩ ነው። ስለዚህ ማንም ብራንድ «ባትሪያችን በፎርሙላ ኢ የተፈተነ ነው» ካለህ ፈገግ ብለህ እለፈው።

ይህ ማለት ግን ትርፉ ባዶ ነው ማለት አይደለም። በሦስተኛው ትውልድ መኪና ላይ ለውድድር የሚፈቀደው ኃይል 38.5 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው። ሁሉም እኩል ከያዘ የሚያሸንፈው ከባትሪው ወጥቶ ጎማ ላይ እስኪደርስ ድረስ ትንሽ የሚያባክነው ነው። አንድ በመቶ አስቀረ እንበል፤ 0.385 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። መኪናው በውድድር ጊዜ የሚጠቀመው 300 ኪሎዋት ስለሆነ ይህች አንድ በመቶ 4.6 ሰከንድ ሙሉ ኃይል ትሰጠዋለች። በመጨረሻው ዙር ቀዳሚውን ለማለፍ ከበቂ በላይ ነው። እዚያ የተማሩት የኢንቨርተርና የሞተር ቅልጥፍና ለመንገዱ መኪና በአንድ ቻርጅ የሚሄደውን ርቀት ይጨምርለታል።

በግልጽ የሚታይ ምሳሌ ከፈለግክ የጃጓር አይ-ፔስ አለልህ። ፋብሪካው በዚያው መኪና ብቻ የሚካሄድ አይ-ፔስ ኢትሮፊ የሚባል ውድድር ነበረው። ከዚያ ባገኘው መረጃ በ2019 መጨረሻ (ዘመኑን በፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው) ለደንበኞቹ የሶፍትዌር ማሻሻያ ሰጠ። ኃይሉ በፊትና በኋላ ሞተር መካከል የሚከፋፈልበትን መንገድ፣ የራዲያተሩን መዝጊያ አሠራርና የሪጀኑን (መኪናው ሲቀንስ ሞተሩ ወደ ባትሪው የሚመልሰውን ኃይል) መጠን አስተካክሎ እስከ 20 ኪሎሜትር ርቀት ጨመረላቸው። አንድ ቡሎን እንኳ አልተፈታም።

ፖርሽ ጋ ደግሞ ነገሩ ከፎርሙላ ኢ ይቀድማል። በ2015፣ በ2016ና በ2017 የለማንን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈው 919 ሃይብሪድ በ800 ቮልት ይሠራ ነበር፤ በ2019 የወጣው ታይካን ያንኑ 800 ቮልት ይዞ መጣ። ቮልቱ ሲጨምር ለተመሳሳይ ኃይል የሚያስፈልገው ከረንት ይቀንሳል፣ ሽቦው ይቀጥናል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል። አውዲም ለፎርሙላ ኢ የሠራውን ሞተር አልጣለውም፤ አርኤስ ኪው ኢ-ትሮን ላይ ሦስቱን ገጠመና በ2024 የዳካርን የበረሃ ራሊ አሸነፈበት። ሁለቱ መኪናውን ይነዳሉ፣ ሦስተኛው ከቤንዚን ሞተር ጋር ተገናኝቶ እንደ ጄኔሬተር ያገለግላል።

የሌላውም ወገን ክርክር አለ። ቢኤምደብሊው በ2020 መጨረሻ ከፎርሙላ ኢ እንደሚወጣ ሲያስታውቅ ምክንያቱን አልደበቀም፤ ከዚያ ወደ መንገድ መኪና የሚሻገር ቴክኖሎጂ አሟጥጠናል አለ። ፎልክስዋገን ደግሞ በ2018 በአይዲ.አር የአሜሪካውን የፓይክስ ፒክ ተራራ በ7 ደቂቃ ከ57.148 ሰከንድ ወጥቶ የሁሉንም ዓይነት መኪና ሪከርድ ሰበረ፣ በዓመቱ ኑርበርግሪንግን በ6 ደቂቃ ከ5.336 ሰከንድ ዞረ፣ በ2020 ደግሞ የፋብሪካውን የውድድር ክፍል ዘጋው። እንደ ምሕንድስና እጅግ ያማረ ሥራ ነው። ሱቅ ውስጥ ያለው መኪና ላይ ግን አሻራውን ፈልገህ ማግኘት ይከብዳል።

አሁን ስለ ኑርበርግሪንግ ሰዓቶች። ሦስት ነገር ሳታይ እንዳታወዳድር። መኪናው የሚሸጥ ነው ወይስ ለሙከራ የተሠራ? የሻዎሚ ኤስዩ7 አልትራ በ2024 ያስመዘገበው 6 ደቂቃ ከ46.874 ሰከንድ የሙከራው መኪና ነው፤ የሚሸጠው በ2025 የሮጠው 7 ደቂቃ ከ4.957 ሰከንድ ነው። የ18 ሰከንድ ልዩነት ማለት ሁለቱ በስም ብቻ ወንድማማች ናቸው ማለት ነው። ቀጥሎ ጎማውንና ፍሬኑን ተመልከት። የቴስላ ሞዴል ኤስ ፕሌድ በ2021 በ7 ደቂቃ ከ35.579 ሰከንድ፣ በ2023 ደግሞ በ7 ደቂቃ ከ25.231 ሰከንድ ዞሯል። አሥሩን ሰከንድ ያመጣው በዋናነት የትራክ ጥቅሉ፣ ማለትም የካርቦን ሴራሚክ ፍሬኑ፣ የሚይዘው ጎማና ከፍ የተደረገው የፍጥነት ጣሪያ ነው። ሦስተኛው ለአንተ ሁለተኛ ጥያቄ ዋናው ነው፦ ይህ ሁሉ አንድ ዙር ብቻ ነው። 20.8 ኪሎሜትር፣ ሰባት ደቂቃ፣ በሚመች ሙቀት ተዘጋጅቶ የገባ ባትሪ። በሁለተኛው ዙር ምን እንደሚሆን ማንም ማስታወቂያ አይነግርህም።

---

ቡሎን ጠባቂ

ኢንቨርተር ያቆመበት ላይ ልቀጥል።

ሙቀት የሚጠራቀመው ባትሪው፣ ሞተሩና ፍሬኑ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ እጅ የሚሰጠው ባትሪው ስለሆነ ከእሱ እንጀምር። ባለ 800 ቮልት ባትሪ ወስደን ጭነት ላይ ቮልቱ ወደ 700 ወረደ፣ 400 አምፔር እየሰጠ ነው እንበል። ኃይሉ 280 ኪሎዋት ሆነ። የባትሪው የውስጥ ሬዚስታንስ 0.1 ኦም ከሆነ የሚባክነው ሙቀት ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ በ0.1 ሲባዛ ነው፦ 400 × 400 × 0.1፣ ማለትም 16 ኪሎዋት። አንድ የቤት ምድጃ ቢበዛ ሁለት ኪሎዋት ቢሆን ነው፤ ስምንቱን ሰብስበህ ባትሪው ውስጥ ለኩሰሃል ማለት ነው። የሴሎቹ ክብደት 400 ኪሎ ቢሆን፣ ማቀዝቀዣው ምንም ካልረዳ በየደቂቃው 2.4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይጨምራል።

ሁለት ነገር ከዚህ ሒሳብ ውሰድ። አንደኛው፣ ሙቀቱ የሚያድገው በከረንቱ ካሬ ነው። ከረንቱን በ10 በመቶ ስትቀንስ ሙቀቱ 19 በመቶ ይቀንሳል፤ በ30 በመቶ ስትቀንስ በግማሽ ይወርዳል። ረጅሙ ቀጥታ መንገድ መጨረሻ ላይ ፔዳሉን ሙሉ በሙሉ መርገጥ የሚያስገኘው ሰዓት ትንሽ ነው፣ የሚያስከፍለው ሙቀት ግን ብዙ። ከኩርባ ስትወጣ ርገጥ፣ ቀጥታው ማብቂያ ላይ ቀለል አድርግ። ሁለተኛው፣ ስንት ዙር እንደምትሄድ የሚወስነው የገባህበት ሙቀት ነው። ብዙ መኪኖች ሴሉ ወደ 55 ዲግሪ ሲጠጋ ኃይል መቆጠብ ይጀምራሉ። በ25 ዲግሪ የገባና ከፈጣን ቻርጀር ነቅሎ በ45 ዲግሪ የገባ መኪና እኩል አይደሉም፤ የጠየቅከው «ሁለት ሦስት ዙር» ብዙውን ጊዜ የሁለተኛው ዕጣ ነው።

ይህን በግልጽ ያሳየው የህዩንዳይ አዮኒክ 5 ኤን ነው። ባትሪውን አስቀድሞ ለማዘጋጀት ሁለት ምርጫ አለው። ለአጭር ቀጥታ ሩጫ ሴሉን ወደ 30–40 ዲግሪ ያመጣዋል፣ ሞቅ ያለ ሴል ብዙ ኃይል በአንዴ ስለሚሰጥ። ለትራክ ግን ወደ 20–30 ያወርደዋል፣ ለሙቀቱ ቦታ እንዲተርፍ። መኪናህ እንዲህ ያለ ምርጫ ከሌለው በዝግታ ቻርጅ አድርገህ አሳድረውና ጠዋት በቀዝቃዛው ግባ።

ሞተሩ ላይ የሚያስቸግረው ሮተሩ ነው። መሐል ላይ እየተሽከረከረ ስለሆነ እንደ ውጭው አካል በፈሳሽ በቀላሉ አይቀዘቅዝም፤ ማግኔቱ ደግሞ ከመጠን በላይ ከጋለ መግነጢሱን ለዘለቄታው ያጣል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ቀድሞ ኃይሉን ይቆርጣል። በኦቢዲ (በመኪናው የመመርመሪያ) መሰኪያ በኩል የባትሪውን ሙቀት ማንበቢያ ካለህ መለየት ቀላል ነው፦ ባትሪው 40 ላይ ሆኖ ኃይል ከወረደ ጥፋቱ የሞተሩ ወይም የኢንቨርተሩ ነው፣ አሥር ደቂቃ ቀስ ብለህ ብትነዳ ይመለሳል። ባትሪው ከሆነ ግን ክብደቱ ብዙ ነው፣ በአሥር ደቂቃ አይበርድም፤ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ጠብቅ።

ከሙቀቱ ውጭ ሌላም ምክንያት አለ። ባትሪው ሲጎድል ቮልቱ ይወርዳል፣ ቮልቱ ሲወርድ ለዚያው ኃይል ብዙ ከረንት ያስፈልጋል፣ በከፍተኛ ፍጥነት ደግሞ ሞተሩ ራሱ የሚያመነጨው ተቃራኒ ቮልት ከባትሪው ጋር ይገፋፋል። ከ30 በመቶ በታች ሰዓት ለማሻሻል መሞከር ድካም ነው።

ፍጆታውን ደግሞ እንዲህ አስላ፦ ሁለት ቶን የሚያልፍ መኪና ትራክ ላይ በሙሉ ኃይል ሲነዳ በ100 ኪሎሜትር 80 እስከ 100 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። 80 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ይዘህ ከ90 እስከ 30 በመቶ ብትጠቀም 48 አለህ። 5 ኪሎሜትር በሆነ ትራክ አሥር ዙር ገደማ ነው፣ መግቢያና ማቀዝቀዣ ዙሩን ጨምሮ።

አሁን ፍሬን። ሰው ሁሉ ባትሪውን ሲያይ ፍሬኑ ነው የሚያሳፍረው። 2,300 ኪሎ መኪና ከነሹፌሩ ከ200 ወደ 80 ኪሎሜትር በሰዓት ሲወርድ 3 ሜጋጁል ገደማ ጉልበት መጣል አለበት፣ በሦስት ሰከንድ ተኩል ውስጥ። ሪጀኑ 250 ኪሎዋት ቢቀበል እንኳ በዚያ ጊዜ የሚወስደው 0.9 ሜጋጁል አይሞላም። ቀሪው ከሁለት ሦስተኛ በላይ ዲስኩ ላይ ያርፋል። ባትሪው ሙሉ ሆኖ ወይም ግሎ ሪጀኑን እምቢ ካለ ሁሉም ዲስኩ ላይ ይወድቃል። በ100 በመቶ ቻርጅ ወደ ትራክ መግባት የሚያስጠላው ለዚህ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ኩርባዎች ያለ ሪጀን ነው የምትይዛቸው፣ የፔዳሉም ስሜት መሐል ላይ ሊለወጥብህ ይችላል።

ስለዚህ የፍሬን ዘይቱን መጀመሪያ ቀይር። ዶት 4 የሚባለው የዘይት ደረጃ ቢያንስ አዲስ ሲሆን 230 ዲግሪ ላይ፣ ውሃ ሲጠጣ 155 ላይ ይፈላል። ዶት 5.1 ደግሞ 260 እና 180 ነው። የእሽቅድምድም ዘይቶች አዲስ ሲሆኑ ከ300 ያልፋሉ፣ ግን ውሃ ቶሎ ስለሚጠጡ በየወቅቱ ይቀየራሉ። ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ እስከ ወለል ይገባል፣ ያኔ ሪጀኑ ብቻውን አያድንህም። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ነው፣ ስሙ ስለተመሳሰለ አታምታታው። የፍሬን ሸራውንም ለትራክ ወደሚሆን ቀይርና ከመግባትህ በፊት አሥር ጊዜ ከ100 ወደ 20 በመያዝ አላምደው።

---

ዘጠነኛ ኩርባ

ቡሎን ጠባቂ የጻፍከው ላይ አንድ እርማት አለኝ፣ ሸራ ማላመዱ ላይ። በኤሌክትሪክ መኪና ከ100 ወደ 20 አሥር ጊዜ ብትይዝ ሸራው ዲስኩን ሳይነካ ልትጨርስ ትችላለህ። ብዙዎቹ መኪኖች የፍሬን ፔዳሉን ስትረግጥ መጀመሪያ ሪጀኑን ነው የሚያዙት። ከመሪው ላይ ሪጀኑን ዜሮ ብታደርገውም የሚጠፋው ፔዳሉን ስትለቅ ያለው ብቻ ነው፤ ፍሬን ስትረግጥ ያለው እንዳለ ይቆያል። ማላመዱ እንዲሠራ ባትሪው ሙሉ ሊሞላ ሲል፣ ማለትም ሪጀን መቀበል በማይችልበት ሰዓት ማድረግ ይሻላል። በሌላ ቀን 100 በመቶ ቻርጅ አድርገህ አላምድ፣ በትራኩ ቀን በ90 ግባ። ዲስኩ በቀለም እኩል ግራጫ ሆኖ ካልታየ አልተላመደም።

ሌላው የሚረሳ ነገር፣ ከተማ ውስጥ ሪጀን ሥራውን ስለሚሠራ ዲስኩ ይዝጋል፣ የካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ፒስተንና ተንሸራታች ፒኖችም ይያያዛሉ። ጎማውን አውልቀህ ሸራው በእጅ ወደ ኋላና ወደ ፊት መንቀሳቀሱን ተመልከት። አንዱ ጎን ከተያዘ ከሁለት ዙር በኋላ ያ ዲስክ ብቻውን ይጋያል።

ጎማ። እንዲህ ክብደት ያለው ኤሌክትሪክ መኪና ጎማው የሚያልቀው የውጭ ትከሻው ላይ ነው፣ ምክንያቱም ለመንገድ የተሠራ መኪና ጎማው ወደ ውስጥ ያዘነበለበት ማዕዘን ትንሽ ስለሆነ ኩርባ ላይ ክብደቱ ጠርዙ ላይ ይጫናል። ማዕዘኑ የሚስተካከል ከሆነ ፋብሪካው እስከፈቀደው ጫፍ አምጣው። ንፋሱ በየ10 ዲግሪው ሙቀት 0.1 ባር ገደማ ስለሚጨምር ጠዋት በቀዝቃዛው ትክክል የነበረው ከሦስት ዙር በኋላ 0.4 ወይም 0.5 ባር ከፍ ብሎ ታገኘዋለህ። ከትራክ እንደወጣህ፣ ሳይበርድ፣ አራቱንም ለካና ጽፈህ ያዝ፤ ለትራክ ወደተመከረው የጋለ ልክ አውርድ። ወደ ቤት ከመመለስህ በፊት መልሰህ ሙላ፣ ይህን ዘንግቶ አውራ ጎዳና ላይ በዝቅተኛ ንፋስ መንዳት ጎማ ያፈነዳል። የጎማ ቡሎኖቹን ደግሞ ቶርክ በሚለካ ቁልፍ በመመሪያው ልክ አጥብቅ፣ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ሲበርድ ደግመህ ፈትሽ።

አነዳዱ ላይ፦ በአንድ ፔዳል መንዳት የለመደ ሰው ኩርባ መሐል ላይ ፈርቶ እግሩን ከፔዳሉ ሲያነሳ ሪጀኑ በድንገት ይይዛል። ሞተሩ ኋላ ላይ ብቻ ከሆነ የኋላ ጎማዎቹን እንደ እጅ ፍሬን ጎትተህ ማለት ነው፤ የኋላው ያፈተልካል። ትራክ ላይ ፔዳሉን ስትለቅ የሚመጣውን ሪጀን ዝቅ አድርገው፣ ፍሬኑን በፍሬን ፔዳል ያዝ። ከዚያ በተጨማሪ ድምፅህ ስለማይሰማ ከፊትህ ያለው ሹፌር መኖርህን ላያውቅ ይችላል፤ በመስታወቱ እስክታየው ድረስ አትጠጋው።

---

ቡሎን ጠባቂ

ልክ ነሽ እህቴ፣ ያ ማላመድ ለቤንዚን መኪና የሚጻፈው ነው። አርሜያለሁ። እግረ መንገዴን አንድ ልጨምር፦ ስትወጡ የማቀዝቀዣ ዙር ሙሉ ነድታችሁ፣ ስታቆሙ የእጅ ፍሬኑን አትያዙ። ፓርክ ላይ ስታደርጉት ራሱ የሚይዝ ከሆነ መመሪያው የሚፈቅደውን መንገድ ፈልጉ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ወይም ጉማጅ አድርጉ። የጋለ ሸራ በጋለ ዲስክ ላይ ተጣብቆ ከቆየ እዚያች ቦታ ላይ ምልክት ይተዋል፣ ከዚያ በኋላ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር መኪናው ይንቀጠቀጣል።

---

አዲስ ዙር

እግዜር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅኩት በላይ ነው። አንድ የቀረችኝ፦ በዙሮቹ መካከል በፈጣን ቻርጀር መሙላት ባትሪውን ይጎዳዋል? ፎርሙላ ኢ ውስጥስ በውድድር መሐል በ30 ሰከንድ ይሞላሉ አይደል? እነሱ ጋ የሚቻለው እኛ ጋ ለምን አይቻልም?

---

ኢንቨርተር

አንተ ያልከው ፒት ቡስት ይባላል፣ በ2025 ጅዳ ላይ ነው የተጀመረው። እስከ 600 ኪሎዋት በሚሰጥ ቻርጀር ወደ 30 ሰከንድ ቆመው 3.85 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳሉ። ልብ በል፣ ይህ 10 በመቶ ነው እንጂ መሙላት አይደለም። ለታክቲክ የመጣ ነገር ነው፦ ሁሉም አንዴ መቆም አለበት፣ መቼ እንደሚቆም ግን ቡድኑ ይመርጣል።

ባትሪያቸው ለምን ይችላል ካልክ፣ ለዚሁ ስለተሠራ ነው። የሦስተኛው ትውልድ መኪና ከሹፌሩ ጋር 840 ኪሎ ነው፣ ፍሬን ሲይዝ ከፊትና ከኋላ ሞተሮች በአንድ ላይ እስከ 600 ኪሎዋት ወደ ባትሪው ይመልሳል። ሲጀመር ከኋላ የሃይድሮሊክ ፍሬን ጭራሽ አልነበረውም፣ ሁሉን ለሞተሩ ትተውት ነበር፤ የድንገተኛ ፍሬን በኋላ ነው የተጨመረለት። ይህን ያህል በየኩርባው የሚቀበል ባትሪ ቻርጀር ላይ ሲቆም አዲስ ነገር አይሆንበትም። እንዲህ ያለ ሴል ውስጡ ያለው ንብርብር ቀጭን ነው፣ ስለዚህ ከረንት በቀላሉ ያሳልፋል፣ በአንጻሩ በኪሎ የሚይዘው ጉልበት ያነሰ ነው። የመንገድ መኪና ገዢ የሚጠይቀው በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎሜትር እንደሚሄድ ስለሆነ ፋብሪካው ወፍራሙን ይመርጥለታል። ሁለቱን በአንድ ሴል ማግኘት ነው የሁሉም ራስ ምታት።

ለአንተ የሚሆነው ይህ ነው። ፈጣን ቻርጅ ራሱ ሙቀት ነው። ትራክ ላይ ወደ 50 ዲግሪ አድርሰኸው ወዲያው 200 ኪሎዋት ስትሰካበት ሙቀቱ አይወርድም፣ መኪናውም ወይ ቻርጁን ቀስ ያደርገዋል ወይ በሚቀጥለው ዙር ኃይል ይነሳሃል። ወጥተህ መኪናውን አታጥፋው፤ ፓምፑና የራዲያተሩ ማራገቢያ እንዲሠሩ 15 ወይም 20 ደቂቃ እንደበራ ተወው። ከዚያ ሰክተህ እስከ 80 ብቻ አስገባ፤ ከዚያ በላይ ያለው ቀርፋፋም ነው፣ ሪጀንህንም ይሰርቅሃል። በሙቅ ቀን ሦስት ጊዜ ከመግባት ሁለቴ በደንብ መግባት ይሻላል።

---

ብርቱካናማ ሽቦ

ስለ ደህንነት ማንም አላነሳም፣ እኔ ልጨምር።

ባትሪው ወለሉ ሥር ነው። የኩርባውን ከፍ ያለ ጠርዝ በኃይል ወጥተህ ሆዱን ካስመታኸው፣ ወይም ከትራክ ወጥተህ ድንጋይ ላይ ከተንሸራተትክ፣ ዙሩን ጨርሼ እወጣለሁ አትበል። ቀስ ብለህ ውጣ፣ ከሌላ መኪናና ከሕንፃ ራቅ አድርገህ አቁም፣ ባትሪው የተሸፈነበትን ሰሌዳ ከሥር ተመልከት። ተጎድጉዶ ወይም ፈሳሽ ጠብ እያለ ከሆነ፣ ወይም ዳሽቦርዱ የኢንሱሌሽን (የከፍተኛ ቮልት መከላከያ ሽፋን) ማስጠንቀቂያ ከሰጠ፣ ባለሙያ ሳያየው ቻርጅ እንዳታደርገው። የተጎዳ ሴል ወዲያው ላይነድ ይችላል፣ ከሰዓታት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ጣፋጭ የሚመስል የኬሚካል ሽታ፣ ነጭ ጭስ፣ ወይም የሚንጫጫና የሚፈነዳ ድምፅ ከሰማህ መኪናውን ትተህ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ራቅ፣ ጭሱ ወደ አንተ እንዳይመጣ።

አነስተኛ የእሳት ማጥፊያ ለጎማና ለፍሬን እሳት ይረዳል፣ ለተነሳ የባትሪ እሳት ግን ምንም አይፈይድም። እሱ የሚፈልገው ብዙ ውሃ ለረጅም ጊዜ ነው፤ ሴሎቹን አቀዝቅዞ ወደ ጎረቤታቸው እንዳይዛመት ማቆም። በ2019 ሄሬዝ ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌቶቹ ውድድር ሙከራ ሲደረግ በሌሊት በተነሳ እሳት የሁሉም ቡድኖች ሞተሮች አብረው ተቃጠሉ፣ የውድድር ዓመቱም እስከ ጁላይ ተገፋ። አንድ ላይ ተደርድረው መዋላቸው ነው ጉዳቱን ያሰፋው።

ፎርሙላ ኢ ላይ የሚደረገውን ልብ ካልክ፣ መኪናው ላይ መብራት አለ። አረንጓዴ ከሆነ መንካት ይቻላል፣ ቀይ ከሆነ ማንም ያለ መከላከያ ጓንት አይጠጋም። ሹፌሩም ችግር ሲኖር እግሩን መሬት አድርጎ በእጁ ሻንሲውን ይዞ አይወርድም፤ ሁለቱንም በአንዴ እንዳይነካ ዘሎ ነው የሚወርደው። ብርቱካናማው ሽቦ ሁሉ ከፍተኛ ቮልት ነው፣ ያለ ሥልጠና አይፈታም፣ አይቆረጥም። የምትሄድበት ትራክ ኤሌክትሪክ መኪና ይቀበል እንደሆነ ቀድመህ ጠይቅ፤ ሲቀበል ደግሞ የት እንደምታቆምና ድንገት ቢነሳ ማን ጋ እንደሚደወል አስቀድመህ እወቅ።

---

አዲስ ዙር

ተረድቻለሁ። ስለዚህ፦ በሌላ ቀን ሙሉ ሞልቼ ሸራውን አላምዳለሁ፣ ለትራኩ ቀን በዝግታ እስከ 90 ሞልቼ አሳድረዋለሁ፣ 30 ላይ እወጣለሁ፣ ወጥቼም አላጠፋውም። የቀረ አለ?

---

ዘጠነኛ ኩርባ

የዋስትና ደብተሩን አንብብ። አንዳንዱ «ውድድር» የሚለውን ብቻ ይከለክላል፣ አንዳንዱ ሰዓት እየተለካ የሚነዳውን ሁሉ። የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቀህ መልሱን አስቀምጥ፤ መኪናው የባትሪውን ሙቀትና የነዳኸውን ሁሉ እንደሚመዘግብ አትርሳ። ፍሬን ላይ ደግሞ ለመመለሻው አንድ ጥንድ የድሮውን ሸራ ኮፈኑ ሥር ይዘህ ሂድ።